ተርትረሽ ጀምሪው

እንግዲህ ጠጋ በሉና ስሙኝ። ስለ ሹራብ ነው የማወራችሁ። ተሠርቶ አልቆ ስለተለበሰው አይደለም፤ ግማሽ ላይ ደርሶ ስለተበላሸው፣ ስለተተረተረውና ከመጀመሪያው ረድፍ እንደገና ስለተነሣው ነው። ሰዎች ይህን ጉዳይ በአጭሩ ያልፉታል። እኔ የሙያው ትልቁ ነገር ያለው እዚህ ላይ ነው ብዬ ስለማምን በረጅሙ እነግራችኋለሁ። ዓመት ስጠራ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።

ታሪኩ የሚነሣው ከዓባይ ዳር ነው። በመካከለኛው ግብፅ ኦክሲሪንኩስ የምትባል ጥንታዊ ከተማ ነበረች። በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጨረሻ የመቃብር ቦታዋን የቆፈሩ ሰዎች ከአሸዋው ውስጥ ቀይ የሱፍ ካልሲ አወጡ። ካልሲው ዛሬ ለንደን ውስጥ፣ ቪክቶሪያና አልበርት ሙዚየም ይገኛል፤ ከ250 እስከ 420 ባለው ጊዜ ውስጥ እንደተሠራ ይገመታል። ነጠላ ጫማ እንዲጠለቅበት ተብሎ ጫፉ ለሁለት ተከፍሏል፤ አውራ ጣት ለብቻው፣ የቀሩት አራቱ አንድ ላይ። ያየው ሁሉ ሹራብ ነው ይላል። ግን አይደለም። ሠሪው አጭር አጭር ክር በአንዲት ዐይን ባላት መርፌ እያስገባ፣ በእያንዳንዱ ቀለበት ውስጥ ክሩን እስከ ጫፉ እየሳበ ነው የሠራው። እንዲህ የተሠራን ነገር ጫፉን ይዛችሁ ብትጎትቱት ይጠብቃል እንጂ አይፈታም። ያ ግብፃዊ ተረከዙ ላይ ቢሳሳት ኖሮ ያለው አማራጭ ሁለት ነበር፤ ክሩን በመጣበት ቀዳዳ ሁሉ አንድ በአንድ መልሶ ማውጣት፣ አለዚያም መቁረጥ።

ከዚያ ብዙ መቶ ዓመታት አለፉ። እዚያው ግብፅ ውስጥ ሌላ ዓይነት ካልሲ ተገኘ፤ የጥጥ፣ ሰማያዊና ነጭ፣ ከ11ኛው እስከ 14ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ባለው ጊዜ የተሠራ። ዓለም ካስቀረቻቸው የጥንት እውነተኛ ሹራቦች መካከል የሚቆጠሩት እነዚህ ናቸው። እዚህ ክሩ አይቆራረጥም። ሙሉው ልቃቂት ከጎን ተቀምጦ ቀስ እያለ ይለቀቃል፤ በቀለበቱ ውስጥ የሚያልፈውም የክሩ ጫፍ ሳይሆን ሌላ ቀለበት ነው። ቀለበት በቀለበት ውስጥ ይሳባል፣ በዚያኛው ውስጥ ደግሞ ሌላ። እያንዳንዷ ቀለበት ቆማ የምትገኘው ከላይዋ ያለችው ስለያዘቻት ብቻ ነው። የመጨረሻዋን ለቀቅ አድርጋችሁ ክሩን ሳብ ብታደርጉት ረድፉ ይፈታል፣ ከሥሩ ያለው ይከተላል፣ ሥራው ሁሉ እንደ አመጣጡ ተመልሶ ክር ይሆናል።

አያችሁ? ሹራብን ሹራብ ያደረገው ይህ ነው። ልብስ ሰፊ ጨርቁን አንድ ጊዜ ከቆረጠ መመለሻ የለውም፤ በአምስት ሳንቲ ሜትር ያጠበበው ኮት እንደ ጠበበ ይቀራል። ሹራብ የምትሠራ ሴት ግን ስትሳሳት የከሰረችው ጊዜዋን ነው። ክሩ በእጇ አለ። ርዝመቱም አልጎደለም። እንግዲህ መተርተር ከሙያው ውጭ የመጣ መዓት አይደለም፤ የሹራብ አሠራር ራሱ ገና ከጥንስሱ የፈቀደው ነገር ነው። ጀማሪዎች ሲተረትሩ አንገታቸውን ሲደፉ ሳይ የሚቆጨኝ ለዚህ ነው።

አንድ ነገር ደግሞ ልብ በሉ። ክሩ በቀላሉ የሚፈታው ከመጨረሻው በኩል ነው። ከተጀመረበት ጫፍ ልፍታው ብትሉ ይይዛችኋል፤ በየረድፉ ይታነቃል። ይህን ጠንቅቀው ያወቁ ሴቶች በሰሜን ባሕር ዳርቻ፣ በእንግሊዝና በስኮትላንድ የዓሣ አጥማጅ መንደሮች ነበሩ። ለባሎቻቸውና ለልጆቻቸው ነፋስ የማያስገባ፣ ጥቅጥቅ ያለ ሰማያዊ ሹራብ ይሠሩ ነበር። እጅጌውን ሲሠሩ ከአንጓ አይጀምሩም፤ ከትከሻው አንሥተው ቁልቁል ወደ አንጓ ያወርዱታል። ለምን? መረብ የሚጎትት ሰው መጀመሪያ የሚያልቅበት የእጅጌው ጫፍ ነው። ጫፉ መጨረሻ ላይ የተሠራ ከሆነ ደግሞ፣ ሲያልቅ እሱን ብቻ እስከ ደህናው ድረስ ተርትሮ በአዲስ ክር መቀጠል ይቻላል። ሹራቡ ገና መርፌ ላይ እያለ፣ ከዓመታት በኋላ የት ላይ እንደሚፈታ ታስቦለታል ማለት ነው። እኔ ከዚህ የበለጠ አርቆ ማሰብ የታየበት ልብስ አላውቅም።

አሁን ወደ ሁለተኛው የዓለም ጦርነት ልውሰዳችሁ።

እ.ኤ.አ. ሰኔ 1 ቀን 1941 እሑድ ነበር። የብሪታንያ የንግድ ቦርድ ፕሬዚዳንት ኦሊቨር ሊትልተን በሬዲዮ ቀርበው ከዚያ ቀን ጀምሮ ልብስ በኩፖን እንደሚሸጥ ተናገሩ። ነገሩ በምስጢር ተይዞ ስለቆየ የልብስ ኩፖን እንኳ ታትሞ ለሕዝብ አልታደለም ነበር። ሰዉ በምግብ ኩፖን ደብተሩ ውስጥ ለማርጋሪን በተመደቡ ትርፍ ኩፖኖች መገብየት ጀመረ። ለአንድ አዋቂ በዓመት የተፈቀደው 66 ነበር፤ በኋላም እያነሰ ሄደ። የሹራብ ክርም አላመለጠም። አንድ ኩፖን የሚገዛው ሁለት አውንስ፣ ማለትም ወደ 57 ግራም ክር ነው። እስቲ አስሉት፤ ለአንድ ወንድ የሚሆን ወፍራም ሹራብ 450 ግራም ያህል ክር ከበላ ስምንት ኩፖን ሄደ። ጫማው፣ ካፖርቱ፣ የልጆቹ ልብስ ገና አልተነካም።

ታዲያ ሴቶቹ ምን አደረጉ? ቁም ሣጥናቸውን ከፈቱ። በብል የተበላውን፣ ክርኑ የሳሳውን፣ ልጅ ያደገበትን፣ ባል በሰላሙ ጊዜ ይለብሰው የነበረውን ሹራብ ሁሉ አውጥተው ተረተሩት። በ1943 መንግሥት ባለው ተብቃቅቶ፣ ጠግኖ ስለመልበስ የሚያስተምር ትንሽ መጽሐፍ አሳትሞ አከፋፈለ፤ አሮጌ ሹራብን ተርትሮ መሥራት ከምክሮቹ አንዱ ነበር። የተተረተረ ክር ኩፖን አይጠይቅም። በሺህ የሚቆጠሩ ቤቶች ውስጥ ያ የአባት ሹራብ የልጅ ሆነ፤ የልጁ ሲያጥር ደግሞ ጓንትና ካልሲ ሆነ። የልብስ ኩፖን የቀረው ጦርነቱ ካበቃ ከአራት ዓመት ግድም በኋላ፣ በመጋቢት 1949 ነው። እስከዚያ ድረስ አንዱ ክር ስንት ጊዜ ልብስ እንደሆነ ማን ቆጥሮ!

የተተረተረ ክር አይታችሁ ከሆነ ታውቃላችሁ፤ እንዳለ አይሠራበትም። ሹሩባ ሰንብቶ እንደተፈታ ፀጉር ሁሉ ተኮማትሮ፣ ሞገድ ሆኖ ነው የሚወጣው። ይህን ያልኩት ለማሳመር አይደለም፤ ፀጉራችንና የበግ ሱፍ የተሠሩት ኬራቲን ከሚባለው ከአንድ ዓይነት ፕሮቲን ነው። ቃጫው ውስጥ ያሉ ደካማ ማያያዣዎች ቅርጹን ይዘው ያቆዩታል፤ ውሃ ሲነካቸው ይላቀቃሉ፤ ሲደርቁ ደግሞ በዚያን ጊዜ በያዙት ቅርጽ እንደገና ይጠብቃሉ። ስለዚህ ሥርዐቱ የታወቀ ነው። ክሩ በወንበር መደገፊያ ላይ ተጠምጥሞ ቱባ ይሆናል። እንዳይወሳሰብ አራት ቦታ ላላ ተደርጎ ይታሰራል። ለብ ባለ የሳሙና ውሃ ውስጥ ይነከራል፤ አይታሽም፣ ሱፍ ሲታሽ ይተበተባልና። ከዚያ ተንጠልጥሎ፣ ከሥሩ ቀለል ያለ ክብደት ተደርጎበት ይደርቃል። ሲደርቅ ቀጥ ይላል። ያን ጊዜ ተጠንጥኖ ለሥራ ይቀርባል። ክሩ አክሪሊክ የሆነ እንደሆነ ግን ነገሩ ሌላ ነው፤ ውሃ ብቻውን እምብዛም አያቃናውም። እንፋሎት ያስፈልገዋል፤ እሱም ከራቅ አድርጎ ነው፣ ሙቀት ከበዛበት ክሩ ልፍስፍስ ብሎ ይሞታል።

እኛ ዘንድስ? የመንዝ በግ ጠጉር ተፈትሎ በሸማኔ እጅ ባናና ዝተት ሲሆን የኖረ ነው። በመርፌ የሚሠራው ሹራብና በኪሮሽ የሚሠራው ዳንቴል ግን ኋላ የመጡ ሙያዎች ናቸው፤ መጥተውም ቤት ሆኑ። እኔ ባደግሁበት ሰፈር አራስ ስትጠየቅ ሹራብና ኮፍያ ይዞ መሄድ ወግ ነበር። ጎረቤታችን የነበሩ አንዲት እናት ክረምት ሊገባ ሲል የልጆቻቸውን ሹራብ በሙሉ ይተረትሩ ነበር። ልጁ አድጓል፤ ክሩ ግን ያው ነው። የጎደለውን በሌላ ቀለም ይሞሉታል፤ ወገቡ ላይ ቀይ መስመር፣ እጅጌው ላይ ቢጫ። መስመሩን ቆጥሮ ሹራቡ ስንተኛ ክረምቱ እንደሆነ ማወቅ ይቻል ነበር። የእኛ የሕፃናቱ ሥራ ደግሞ ሁለት እጃችንን ዘርግተን ቱባውን መያዝ ነው። «ልጄ፣ እጅሽን አታውርጂ፤ ይወሳሰብብኛል» ይሉኛል፤ እኔ ክንዴ እየዛለ፣ እሳቸው ልቃቂቱን እያዞሩ። ከእሳቸው አፍ ስለ ተተረተረ ሹራብ አንድም የሐዘን ቃል ሰምቼ አላውቅም። መተርተር ለእሳቸው እንደ መሥራት ሁሉ ሥራ ነበር።

ሰልባጅ ተራ ሄዳችሁ ለክሩ ብላችሁ ሹራብ የምትገዙ ካላችሁ አንዲት ነገር ልንገራችሁ። ገልብጣችሁ ስፌቱን እዩ። ጠርዙ በመኪና ተቆርጦ የተዘመዘመ ከሆነ ተዉት፤ ስትተረትሩት በየረድፉ እየተቆረጠ የክንድ ክንድ ቁርጥራጭ ነው የሚሆንባችሁ። ጠርዙ ሳይቆረጥ ቀለበቶቹ ዞረው የሚመለሱበት ከሆነ ግን ክሩ ከላይ እስከ ታች አንድ ነው። ግዙት።

ስለ ስህተቱ ራሱ ገና አልነገርኳችሁም። ስህተት ሁሉ አንድ አይደለምና ሁሉም አይተረተርም። ከሠላሳ ረድፍ በታች አንዲት ቀለበት መገልበጥ ሲገባት ሳትገለበጥ አልፋ ቢሆን፣ ሠላሳውን ረድፍ ማፍረስ ጅልነት ነው። በእሷ አናት ላይ ያለውን አንድ ዓምድ ብቻ እስከ ስህተቱ ድረስ ለቅቆ፣ በኪሮሽ እንደ መሰላል እየለቀሙ መመለስ ይቻላል፤ ጎረቤቶቿ ንቅንቅ አይሉም። ከወገብ በታች፣ በጎን በኩል፣ ከሠሪዋ በቀር ማንም የማያያትን ደግሞ እኔ ተይው ባይ ነኝ። የልክ ስህተት ግን ሌላ ነው። ልክ አይሸፈንም፤ በማጠብም በመተኮስም አይታረቅም። የልክ ስህተት የተገኘበት ሹራብ ከመተርተር ሌላ መድኃኒት የለውም፤ አለው የሚል ካለ ለማጽናናት ብሎ ነው።

እስቲ አንዲት ሴት አለች እንበል። ለባሏ ሹራብ ጀመረች። መመሪያው በአሥር ሳንቲ ሜትር 22 ቀለበት ይላል፤ ዙሪያው አንድ ሜትር እንዲሆን 220 ቀለበት መርፌ ላይ ደረደረች። የእሷ እጅ ግን ላላ ይላል፤ በአሥር ሳንቲ ሜትር የሚወጣላት 20 ነው። ልዩነቷ ሁለት ቀለበት ናት፤ በዐይን አትታይም። 220ውን በ20 ስታሰሉት ግን 110 ሳንቲ ሜትር ይመጣል። አሥር ሳንቲ ሜትር ትርፍ! እስከ ብብት ሠርታ ባሏ ላይ ስትለካው ሹራቡ ካፖርት መስሏል። የሚያሳዝነው ደግሞ ሴትዮዋ ገና ስትጀምር ሰፋ እንዳለባት ጠርጥራ ነበር። «ሲታጠብ ይሰበሰብ ይሆናል» ብላ ቀጠለች። እኔ ያየሁት ትልቁ ጥፋት ይህ ነው፤ መሳሳቷ ሳይሆን ከጠረጠረች በኋላ የጨመረችው ረድፍ።

በዚህ ጉዳይ ከማከብራቸው ሰዎች አንዷ ኤልሳቤጥ ዚመርማን ናት። በ1910 እንግሊዝ አገር ተወልዳ በ1937 ከባሏ ጋር ወደ አሜሪካ ተሻገረች፤ በኋላም ዊስኮንሲን ውስጥ ቀድሞ ትምህርት ቤት የነበረ ቤት ውስጥ ኖረች። በ1999 እስክታርፍ ድረስ በመጽሐፍም በቴሌቪዥንም ያስተማረችው ሴቶች የታተመ መመሪያ ባሪያ እንዳይሆኑ ነው። ቁልፉ የራስ እጅ ልክ ነው፤ በአንድ ሳንቲ ሜትር ስንት ቀለበት እንደሚወጣሽ እወቂ፣ በደረት ዙሪያ አባዢው፣ የቀረው የሹራቡ ክፍል ሁሉ ከዚያች ቁጥር ላይ በመቶኛ ይሰላል። ሰው መሞከሪያ ቁራጭ መሥራት እንደሚጠላም ታውቅ ነበር። መላዋ ግሩም ነው፤ በመሞከሪያው ቁራጭ ፈንታ በዚያው ክር ኮፍያ ሥሩ አለች። ኮፍያው የእጅን ልክ ይነግራል፤ ልኩ ከታሰበው ቢለይም ሹራቡ አልተጀመረምና የፈረሰ ነገር የለም። የሚሞቅ ጭንቅላት ደግሞ በየቤቱ አይጠፋም።

መመለሻ የሌለበት ቦታ ሹራብ ውስጥ አለ ወይ ብትሉኝ፣ አለ። በስኮትላንድ የሼትላንድ ደሴቶች ያሉ ሴቶች ባለ ብዙ ቀለሙን ሹራባቸውን እንደ ቱቦ ዙሪያውን ሠርተው ይጨርሱና እጅጌ የሚገባበትን በመቀስ ይቆርጡታል። የአገራቸው በግ ሱፍ ጠጉራም ስለሆነ እርስ በርሱ ተያይዞ ይቆያል፤ አይፈታም። እነሱ ግን መቀሱን የሚያነሡት ከመቁረጣቸው በፊት ለክተው፣ እንደገና ለክተው ነው። ሞሄር የሚባለው ክርም እንዲሁ አስቸጋሪ ነው፤ ጠጉሩ ስለሚጠላለፍ ሲተረትሩት ይበጣጠሳል። በሞሄር የምትሠሩ ልጆች፣ የክሩን ነገር ከመጀመራችሁ በፊት አስቡበት።

ወደዚያች ሴት እንመለስ፤ መርፌ እንደያዘች ትተናታል። መጀመሪያ መርፌውን መዥረጥ አድርጋ ታወጣለች። ይህች ናት ከባዷ ቅጽበት፤ እጅ ይሳሳል። ስህተቱ ከመሃል የጀመረ ቢሆን ኖሮ ከሥሩ ባለው ደህና ረድፍ ውስጥ ቀጭን የጥጥ ክር በመርፌ አስልካ፣ ትርተራው እዚያ ላይ እንዲቆም ታደርግ ነበር። የእሷ ግን ከመጀመሪያው ረድፍ የመጣ ስለሆነ ማቆሚያ አያስፈልግም። ክሩን ትስባለች። ለሳምንታት የተሠራው በአንድ ቡና ጊዜ ያልቃል፤ ባሏ አጠገቧ ካለ ቱባውን እሱ ይያዝ። ከዚያ ማጠብ፣ ማንጠልጠል፣ ማድረቅ፣ ማጠንጠን።

ሲደርቅ ወዲያው ወደ ትልቁ ሥራ አትገባም። ኮፍያዋን ትሠራለች፤ ታጥባታለች፤ ስትደርቅ ጠፍጣፋ ቦታ ላይ አንጥፋ በአሥር ሳንቲ ሜትር ውስጥ ያሉትን ቀለበቶች ትቆጥራለች። ማጠቡን አትዝለለው፤ ያልታጠበ ልክ ያታልላል። እጇ ያው 20 ከሆነ ሁለት መንገድ አላት፤ መርፌዋን ቀጠን ባለ ለውጣ 22 እስኪወጣላት መሞከር፣ ወይም እጇን እንዳለ ተቀብላ ሂሳቡን መለወጥ። እኔን ብትጠይቀኝ ሁለተኛውን እላታለሁ፤ የሰው እጅ ሲመሽና ሲደክም ወደ ልማዱ ይመለሳል። እንግዲህ 220ውን ትታ 200 ቀለበት ትደርድር። አሥር ሳንቲ ሜትር ያህል ከፍ ሲልላት ቀለበቶቹን ወደ ረጅም ክር አሳልፋ፣ ባሏን አስቁማ ወገቡ ላይ ታዙርበት። ከገጠመ ትቀጥል። ካልገጠመም ገና አሥር ሳንቲ ሜትር ነው፤ ትተርትረው።